«ምን አገባኝ» ያለ አገባ

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለውን ተረት ማስረጃ የሚጠይቅ ሰው ካለ ወደ ሃዋይ፣ ካዋይ ደሴት ይሂድ። ዝንቧም፣ ዝም ያለውም እዚያ አሉ።

የደሴቲቱ የሜዳ ፌንጣ እንደ ወጉ ሴት የሚጠራው በክንፉ ነው። ከአንደኛው የፊት ክንፍ ሥር እንደ መጋዝ የተደረደሩ ጥርሶች አሉ፤ ሌላኛው በጠርዙ ይፍቃቸዋል። ሴቷ ከፊት እግሯ ጉልበት ዝቅ ብሎ በተተከለው ጆሮዋ ሰምታ ትመጣለች። ምን ዋጋ አለው፣ ኦርሚያ የምትባል ከሰሜን አሜሪካ የገባች ዝንብም ትሰማለች። ዘፋኙ ላይና ዙሪያው ሕያው እጮቿን ታራግፋለች፤ ሰርስረው ይገቡና ከሳምንት እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ገድለውት ይወጣሉ። ማን ዝፈን አለው?

ክብር ክንፉ ልሙጥ ለሆነው ወንድ ፌንጣ ይሁን! የሥነ ሕይወት ተመራማሪዋ ማርሊን ዙክና ባልደረቦቿ በ2003 እ.ኤ.አ. ልብ ያሉት ይህን ብልህ ነው። አንድ የዘረመል ለውጥ የክንፉን መሣሪያ አጥፍቶለታል። ለውጡ ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ ወንዱ የሚወርሰው ከእናቱ ነው፤ «አርፈህ ተቀመጥ» የሚለው ምክርስ ከማን ይወረሳል? ከ20 ባነሰ ትውልድ ከ10 ወንዶች ከ9 በላይ የሚሆኑት ድዳ ሆኑ።

ሴትስ በምን ያገኛል? ጥበቡ እዚህ ላይ ነው። የተረፈውን ዘፋኝ በድምፁ ተከትሎ አጠገቡ ያደፍጣል፤ ዘፈን ሰምታ የመጣችውን መንገድ ላይ ይቀበላታል። ዝንቧ ለዘፋኙ፣ ሙሽራዋ ለአድማጩ። የታክሲ ረዳት ታሪፍ ሲጨምር አንዱ ይጨቃጨቃል፣ የቀረነው በመስኮት ሕንፃ እንቆጥራለን፤ መልስ ሲመጣ ግን የሁላችንም እጅ ይዘረጋል። ፌንጣው ከእኛ ተምሮ ይሆን?

ትንሽ እንከን አለችው። ሴቷ አጠገቡ ከደረሰች በኋላም ለስለስ ያለ የማባበያ ዜማ ትጠብቃለች፤ ያለዚያ ጀርባው ላይ አልወጣም የምትል ሞልታለች። የሃዋይዎቹ ግን ከሌላ አገር እህቶቻቸው ይልቅ ቻዮች ሆነው ተገኝተዋል። ደግሞም ሁሉም ልሙጥ የሆነ ዕለት አጠገቡ የሚደፈጥበት ዘፋኝ አይኖርም፤ እሱን ሌላው ያስብበት፣ ምን አገባው?

ልሙጡ ዛሬም ክንፉን ያፋትጋል። ጉልበቱ ያልቃል፣ ድምፅ የለም። ስብሰባው ካለቀ በኋላ ኮሪደር ላይ ሲያፋትግ ያገኛችሁት ሰው ካለ አታቋርጡት።