«የትኛው ቀን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው

እኔ በምኖርበት እንግሊዝ ሴት ልጅ ወልዳ ቤቷ ከገባች በኋላ የጤና ባለሙያ ልትጠይቃት ትመጣለች። ሕፃኑን አይታ ስትጨርስ ፊቷን ወደ እናትየዋ ትመልሳለች። ብዙ ጊዜ ከሚቀርቡት መጠይቆች አንዱ በ1987 በስኮትላንድ የተዘጋጀው፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴን (ዲፕሬሽን) የሚለየው የኤዲንብራ መለኪያ ነው፤ 10 ጥያቄዎች አሉት፣ የሚጠይቀውም ስላለፉት 7 ቀናት ስሜቷ ነው። አገር ቤትም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ደጃፍ ድረስ ትሄዳለች፤ ይህን አቅልዬ አላየውም። ጨዋታው ግን አብዛኛውን ጊዜ በጡት፣ በክብደትና በክትባት ያልቃል። እናትየዋ ካለቀሰች ደግሞ ዘመድ «ጤነኛ ልጅ ታቅፈሽ ምን ያስለቅስሻል?» ይላታል። ከፍቅር የመጣ ቃል ነው፤ አፏን ግን ይዘጋዋል።

ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ ትዝታን እንዴት እንደሚይዝ ሳነብ ነው ይህ ዝምታ ይበልጥ ያስጨነቀኝ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ማርክ ዊልያምስና ኪት ብሮድቤንት በ1986 እንዳሳዩት፣ ራሳቸውን ለማጥፋት የሞከሩ ሰዎች ያለፈ ሕይወታቸውን ሲጠየቁ አንድን ክስተት ለይተው መናገር ይቸግራቸዋል። በድባቴ ላይም ይኸው ታይቷል። ድባቴ ያለባት እናት «ደስ ያለሽ መቼ ነበር?» ስትባል «ልጄ ሲተኛ» ትላለች፤ የትኛው ቀን፣ የት፣ ማን አጠገብሽ ነበር ሲባል መልስ ታጣለች። «እኔ እናት መሆን አልችልም» የሚለው ፍርድ ግን ያለ ምስክር ጸንቶ ይቀመጣል።

አንድን ክስተት ለይቶ ማስታወስን በቡድን የሚያለማምደው ሕክምና የሚጀምረው ከዚህ ነው። ለተሳታፊዎቹ አንድ ቃል ይሰጣል፤ ለምሳሌ ድካም፣ ኩራት ወይም ፍርሃት። እያንዳንዷ ከዚያ ቃል ጋር የሚሄድ፣ በአንድ ቀን ውስጥ የሆነ ነገር ታወጣለች፤ ድምፁን፣ ቦታውን፣ የተባለውን ትናገራለች። መልካሙም ክፉውም ይነገራል። በ2013 የወጣ አንድ ጥናት ይህንኑ ሥልጠና በኢራን ለሚኖሩ፣ ወላጅ ለሞተባቸው አፍጋናውያን ስደተኛ ወጣቶች በቡድን በ5 ሳምንት ሰጥቶ የድባቴ ምልክታቸው እንደቀነሰ ዘግቧል። ውድ መሣሪያ አላስፈለገም።

እዚህ ጥያቄው ይቀርባል፤ ጠያቂዋ ከሄደች በኋላ ግን ብዙ እናት ቀኑን ሙሉ ከልጇ ጋር ብቻዋን ናት። አገር ቤት ሰው ሞልቷል፤ የሚጎድለው ጥያቄው ነው። የጎደለንን መሙላት ከእነርሱ ይልቅ ለእኛ ይቀላል ብዬ አምናለሁ፤ ቤት ለቤት የምትሄደዋን ባለሙያ ማሠልጠን ይቻላልና። ሥልጠናው አንድ ነገር አጥብቆ ይንገራት፦ ራሷን ወይም ልጇን ስለመጉዳት የምታስብ እናት የትዝታ ልምምድ አትጠብቅም፤ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ትድረስ።