ማን ሞቶብህ ነው?

ማንም ሳይሞትብኝ ሦስት ጊዜ ለቅሶ ተደርሻለሁ።

የመጀመሪያዋ ምድር ቤት የሚኖሩት እማማ ናቸው። ደረጃ ላይ ተገናኘን። እጄን ያዙ፣ ፀጉሬን ከግራ ወደ ቀኝ ቃኙት፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ምነው ልጄ፣ ማን ሞቶብህ ነው? ለእድር እንኳ ሳትነግረን!»

«ኧረ ማንም አልሞተብኝም እማማ። ድሬድ እያስጀመርኩ ነው።»

«እሱ ደግሞ ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«እስኪጠና ዓመት፣ ዓመት ተኩል።»

«እግዜር ያጽናህ» አሉኝና ወደ ጉዳያቸው ሄዱ።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከመሀል ከተማ የራቀ ሰው ከሰው ዓይንም የራቀ ይመስለው ይሆናል። አይምሰለው። እዚህ ፀጉር እንደ ደረጃው አምፖል የጋራ ነው፤ ሁሉም አስተያየት ይሰጥበታል፣ አንድም ሰው አያዋጣበትም።

ነገሩ የቆየ ዕዳ ነው። በ1997 ዓ.ም. ጥር ላይ የቦብ ማርሌ 60ኛ ዓመት ልደት መስቀል አደባባይ ሲከበር ተማሪ ነበርኩ። እዚያ ሕዝብ መሀል ቆሜ «እኔም አሳድጋለሁ» አልኩ። ማታ ቤት ስገባ እማዬ «መጀመሪያ እኔን ቅበረኝ» አለችኝ። እሷም ዕድሜ ሰጥቷት አለች፣ እኔም ጠበቅሁ። ያኔ ፀጉር ነበረኝ፣ ፈቃድ አልነበረኝም። አሁን በአርባ ዓመቴ ፈቃዱን ራሴ ለራሴ ስሰጥ፣ ፀጉሩ ከግንባሬ ተነሥቶ ወደ ማጅራቴ መሸሽ ጀምሯል።

ብሎካችን ሥር ያለችው ፀጉር ቤት ገባሁ። ልጅቷ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ለልጅዎ ነው ጋሼ?» አለች። ለእኔ መሆኑን ስነግራት ሳቋን በፎጣ አፈነች። ከዚያ በኋላ ግን ሥራዋን የምታውቅ ልጅ ሆና አገኘኋት። አናቴን በማበጠሪያ ጭራ እንደ ቦታ ሸነሸነችው፤ እያንዳንዱን ቁራሽ ከሥሩ ይዛ በማበጠሪያው ጫፍ ጠመዘዘችው። ስትቆጥረው 64 ሆነ። እንደ ነገረችኝ አንዳንዱ ሁለት ሁለቱን እንደ ገመድ ገምዶ ይጀምራል፤ ሌላው በኪሮሽ መርፌ ፀጉሩን እርስ በርሱ ያስገባዋል፤ ማበጠሪያ ጥሎ ዝም ብሎ ትቶት በራሱ ጊዜ የሚቋጠርለትም አለ። ከፍዬ ስወጣ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀችኝ፦ «በአምስት፣ በስድስት ሳምንት አንዴ እኔ ጋ ይምጡ። እስከዚያ አይንኩት።»

አይንኩት። ከዚህ በታች የማወራው ሁሉ ይህችን አንዲት ቃል ባለመስማቴ የመጣ ነው።

በሳምንቱ የፊተኞቹ ሦስቱ ተፈቱ። ጀማሪ ድሬድ መፈታቱ ያለ ነው። ፀጉር በወር የሚያድገው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ለመቋጠርም እንዲሁ አይቸኩልም። እኔ ግን ቸኮልኩ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ሰም ቀባው፣ ቀጥ ይላል» አለኝ። ሰፈራችን ካለው ጠጅ ቤት ሰፈፍ በነጻ ሰጡኝ። አቅልጬ ቀባሁት። እውነትም ቀጥ አለ፤ 64 ጧፍ ተሸክሜ አደርኩ።

በማግስቱ እስከ ታክሲ መያዣው በፀሐይ ስሄድ ላላ ብሎ ጆሮዬ ላይ ተጣበቀ። ሽታው የጠጅ ነው፤ ሰዓቱ ደግሞ ከጠዋቱ አንድ ተኩል። የብሎኩ ጥበቃ «ዛሬማ በጊዜ ነው ጋሼ» አለኝ። ታክሲ ውስጥ አንዲት ንብ ተከትላኝ ገባች። ወያላው እጁን ዘርግቶ «ራስታው፣ የእሷንም ሒሳብ» አለ። ሰምና ወርቅ በሚተረጎምበት አገር ሰሙን ብቻ ተሸክሜ ቢሮ ገባሁ።

ሰም አንዴ ድሬድ ውስጥ ከገባ ተከራይ ነው፤ አስወጣዋለሁ ብለህ ብትነሣ የምትለቀው አንተ ነህ። የኮዬን አቧራ ሰብስቦ ይይዛል፣ ውሃ ወደ ውስጥ አያሳልፍም፣ በሳሙና ብታሸው ይገላበጥና መልሶ ይጋገራል። መፍትሔው ራስ የሚችለው ያህል ትኩስ ውሃና ቅባት የሚቆርጥ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ነው፤ ደጋግሞ፣ በትዕግሥት፣ በብዙ ውሃ። ውሃ ደግሞ እኛ ጋ በፈረቃ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሦስት፣ ሦስት እየሞላሁ አራተኛ ፎቅ አወጣሁ። ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ «በዚህ ውሃ የሁለት ሳምንት ልብስ ይታጠብ ነበር» ትላለች፤ ሒሳብ አትስትም። በሦስተኛው ቅዳሜ ሳሙናው ዓይኔ ገብቶ፣ ፊቴ አብጦ፣ ባዶ ጀሪካን ይዤ ስወርድ ጥበቃው ከወንበሩ ተነሥቶ ባርኔጣውን አወለቀ። «እንግዲህ ምን ይደረጋል ጋሼ፣ ለማንም አይቀርም» አለኝ። ሁለተኛው ለቅሶ ይኸው ነው።

ሰሙ ወጣ፤ አብረውት 12 ድሬዶች ተፈቱ። እንደገና ስታስጀምረኝ ልጅቷ ምንም አልተናገረችም። ዝምታዋም ተጨምሮ ነው የተከፈለው።

ከዚያ ወዲህ ውሃ ፈራሁ። አዲስ አበባ ድሬድ ያለውን ሰው መጀመሪያ የምትጠይቀው «ታጥበዋለህ?» ብላ ነው፤ እኔም ለአንድ ወር «አልታጠብም፣ ቆሻሻ ቶሎ ይቋጥረዋል» እያልኩ ስመልስ ከረምኩ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ወዝ የያዘ ፀጉር ይንሸራተታል፤ ንጹሕና ደረቅ ፀጉር ነው እርስ በርሱ የሚያያዘው። በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ከማንኛውም ሰው ራስ ይረግፋል፤ ድሬድ የረገፈውንም አይጥልም፣ እዚያው አስሮ ያከርመዋል። አንድ ወር ያልታጠበ ራስ እንግዲህ ምን ምን እንዳከማቸ አስቡት።

ስለዚህ መታጠብ ጀመርኩ፤ ያውም በሐምሌ፣ ያውም ማታ። እርጥቡን አስሬ ተኛሁ። ድሬድ ላዩ ደርቆ ልቡ እርጥብ የሚሆን ነገር ነው። በሁለተኛው ሳምንት ልጄ አንገቴን አቅፎ ቆየና «አባዬ፣ ራስህ ቡሖ ቡሖ ይሸታል» አለ።

ወደ ፀጉር ቤቷ ተመለስኩ። ልጅቷ ኮምጣጤ በውሃ አቅጥና ዘፈዘፈችው፣ አለቀለቀችው፣ ካስክ ሥር አስቀመጠችኝ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መብራት ጠፋ። ካስኩ ከነራሴ ጨለመ። ውጪ ዝናብ ነው፤ ግራ ቀኜ አራት ሴቶች ተቀምጠዋል፤ ወሬ ደግሞ መብራት አይፈልግም።

«ቅቤ ነው የሚያዋጣው» አለች አንዷ። «አፋሮች አላየሽም? እንዴት ያለ ጥቅልል ፀጉር!»

«ይልቅ ጠበል ይግባ። ባሕታዊ እንኳ እንዲህ የሚሆነው ዓለምን ንቆ ነው፤ እሱ ሚስት አለው።»

«ሶምሶንስ ቢሆን ሰባት ጉንጉን ነው የነበረው» አለች ሦስተኛዋ። «64 ለምን ፈልጎ ነው?»

አሮጊቷ እስካሁን ዝም ብለው ነበር። «አያቴ አርበኛ ነበሩ» አሉ። «ጠላት ካልወጣ ፀጉሬን አልነካም ብለው አምስቱን ዓመት በጎፈሬ ኖሩ። አንተስ ልጄ፣ ማን እስኪወጣ ነው?»

«የባንኩ ዕዳ።»

«ውይ፣ በጣም ይረዝማል በለኛ!»

መብራት የመጣው ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው። እስከዚያ ሦስቱ ተራ በተራ ተነሥተው ደርቆ እንደሆነ ሥሩን ነካክተው አይተውታል።

እማዬ ከደብረ ብርሃን የመጣችው በዚሁ ሰሞን ነው። አየችኝ፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ተቀመጠች። «የባዕድ ነገር» አለች። ይህን ክርክር 20 ዓመት ተዘጋጅቼበታለሁ። ጃንሆይ ሳይነግሡ ስማቸው ራስ ተፈሪ እንደነበር፣ ራስታ የሚለው ስም ከዚያ እንደመጣ፣ በሚያዝያ 1958 ጃማይካ ሲገቡ አውሮፕላናቸው በሕዝብ ተከቦ ቶሎ መውረድ እንዳቃታቸው፣ ለመጡት ሻሸመኔ ላይ መሬት እንደሰጡ፣ አፄ ቴዎድሮስም ቢሆኑ ባለ ሹሩባ እንደነበሩ አንድ በአንድ ዘረዘርኩላት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

«ጃንሆይን በዓይኔ አይቻቸዋለሁ» አለች። «ተበጥረው ነበር።»

ሰውን እንዲህ ብዬ እከሳለሁ እንጂ ፀጉሬን ከሁሉ አብልጬ የበደልኩት እኔ ነኝ። ታክሲ ስጠብቅ እጠመዝዛለሁ፣ ስብሰባ ላይ እጠመዝዛለሁ፣ በተለይ የፊተኞቹን። ልጅቷ ሥራቸውን አይታ «ማነው የጠመዘዘው?» አለች፤ ድምፅዋ የመርማሪ ነበር። የግንባሬ ዳር ሳስቷል፣ ሥሩ ላይ ብጉር ብጉር ወጥቷል፣ ሁለቱ በክር ተንጠልጥለዋል። ፀጉር ሁልጊዜ ከተወጠረ ሥሩ ይነቀላል፤ ሲቆይም ጨርሶ አይበቅልም። ሁለት ወር ማሰርም መጠምዘዝም ተከለከልኩ። የሳሱትን ከጠንካራ ጎረቤት ጋር አያያዘቻቸው። ከኋላ ደግሞ ሁለቱ ያለ ሽማግሌ ራሳቸው ተጋብተው ተገኙ፤ እነሱን እንኳ ታጥበው ገና እርጥብ እያሉ ከሥራቸው በጣት ሳብ አድርጋ አፋታቻቸው። አሁን 61 ነኝ።

የመጨረሻው ጥፋት የጋቢ ነው። ጋቢ ለብሶ የሚያድር ድሬድ ጥጡን ይለቅመዋል፤ አንዴ ውስጡ ከተጠቀለለ መታጠብ አያወጣውም። አንድ ጠዋት መስተዋት ሳይ ሸብቻለሁ። ነጩን በወረንጦ ስለቅም አንድ ሰንበት ሙሉ ዋልኩና ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ የባለቤቴን የሚያንሸራትት ሻሽ እያሰርኩ እተኛለሁ። አንድ ሌሊት ውሃ መጣ ሲባል በሻሹ ወጣሁ። ራሱን ያሰረ ወንድ፣ ጋቢ የደረበ፣ በሌሊት ደረጃ ላይ! በነጋታው የእድሩ ገንዘብ ያዥ ደብተሩን ይዞ በር አንኳኳ፤ ድንኳኑን ለስንት ቀን እንደምንፈልገው ሊጠይቅ ነው። ሦስተኛው።

ባለፈው ወር አጎቴ ሞተ። እውነቴን ነው፤ ቀብሬው መጣሁ፣ ቤቴ ቁጭ አልኩ፣ ሰው ስጠብቅ ዋልኩ። ማንም አልመጣም። ሲመሽ ደረጃው ላይ ከእማማ ጋር ተገናኘን።

«እማማ፣ አጎቴን ቀብሬ መጣሁ» አልኳቸው።

ቀና ብለው ፀጉሬን አዩት።

«አውቃለሁ ልጄ፣ ዓመት ተኩል ይፈጃል ብለኸኛል» አሉኝና ወረዱ።