በአካል ቀርበው ይመዝገቡ

ለዛሬው ጽሑፌ ሰበብ የሆነኝ ባለፈው ሐሙስ ግድግዳ ላይ ያየሁት አንድ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ጋ እደርሳለሁ። መጀመሪያ ግን ማመስገን አለብኝ። እኛ ማማረር እንጂ ማመስገን አይሆንልንም። የሥራ ማስታወቂያ ላይ «ሴቶችና አካል ጉዳተኞች እንዲያመለክቱ ይበረታታሉ» የምትለዋን መስመር ስናያት እንኳ ከንፈራችንን ነው የምንመጠው። እስቲ ዛሬ የጻፋትን ሰው እንመርቀው።

ብልሃቷን እዩልኝማ። «ይበረታታሉ።» በማን? አይታወቅም። ተበረታች አለ፣ አበረታች የለም። ራምፕ፣ ያ ደረጃ የሌለው የዊልቸር መወጣጫ፣ ሲሚንቶና አሸዋ ይፈልጋል። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ክፍያ ይፈልጋል። ማበረታታት ግን ግርጌ ላይ ግማሽ መስመር ነው፤ ፊደሉም ቢሆን ትንሹ ይበቃዋል። በዚህ ኑሮ እንዲህ የረከሰ ቸርነት ከየት ይገኛል?

ወደ ነገሬ ልግባ። ከሁለት ወር በፊት አንድ ወዳጄ በቴሌግራም ምስል ላከልኝ። ወዳጄ ዓይነ ስውር ነው። የሚተዳደረው በትርጉም ሥራ ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ፣ ላፕቶፑ የሚያነብለትን እየሰማ ይተይባል። ባትሪ እንዳይበላበት ስክሪኑን ያጠፋዋል። ሰፈራችን መብራት ሲሄድ እኔ ሻማ ፍለጋ ስደናበር፣ እሱ መሄዱን የሚያውቀው የጎረቤት ልጆች ሲጮኹ ነው። ከቤት የሚሠራ ሥራ ለማን ተፈጠረ ብትሉኝ ለእሱ ነው የምላችሁ። ክዳኑ የተሰረቀ ቱቦ የለ፣ የታክሲ ግፊያ የለ።

ከምስሉ ጋር አጭር የድምፅ መልእክት አለ፤ «እስቲ ይቺን አንብብልኝ፣ ስልኬ ፎቶ ብሎኝ ዝም አለ።»

ከፈትኩት። ያምራል። ጀርባው ሰማያዊ ነው። ጥግ ላይ አንዲት ፈረንጅ ዊልቸር ላይ ተቀምጣ ትስቃለች። መሐል ላይ በደማቁ «የአካል ጉዳተኞች አካታችነት ባለሙያ፣ ብዛት 1፣ የሥራ ቦታ፦ ከቤት» ይላል። ከሥሩ ያቺ የምርቃት መስመር አለች። ከእሷ ዝቅ ብሎ ደግሞ፣ «አመልካቾች የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃችሁን ኦሪጅናልና ኮፒ ይዛችሁ 4ኛ ፎቅ ቢሮ ቁጥር 407 በአካል ቀርባችሁ እንድትመዘገቡ።»

በአካል! አካል ጉዳተኛው፣ ከቤቱ ለሚሠራው ሥራ፣ በአካል። ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፈ ሰው ቅኔ ቤት ሳይገባ አልቀረም። ሰሙም ወርቁም አንድ መስመር ላይ ነው።

ሄድን። ሁለት ታክሲ ያዝን። ሕንፃው በር ላይ ስንደርስ መጀመሪያ ያየሁት ራምፑን ነው። አዋጅ ቁጥር 624/2001፣ የሕንፃ አዋጁ፣ ለሕዝብ የሚያገለግል ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄድም ሆነ መራመድ እየቻለ ደረጃ ለሚከብደው ሰው መግቢያ ይኑረው ብሏል። ሕንፃው አክብሯል። ዳገቱ የእንጦጦ ነው። ያንን የወጣ ሰው አናቱ ላይ ትልቅ የአበባ ማሰሮ ቆሞ ይጠብቀዋል። አበባው በደንብ ውኃ ይጠጣል፤ እንክብካቤ አይጎድልበትም።

ሊፍቱ ላይ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የወረቀቷ ጠርዝ ቢጫ ሆኗል። ጥበቃው ደግ ሰው ነው። «ወንድሜ፣ እሱን እዚህ ወንበር ላይ አስቀምጠውና አንተ ውጣለት» አለኝ። ወዳጄ «አመልካቹ እኔ ነኝ አባቴ» አለው። ወጣን። ወዳጄ ደረጃ የመቁጠር ልማድ አለው። 72 ነው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንዷ ከሌሎቹ ትረዝማለች፤ እኔ ተደናቀፍኩ፣ እሱ አልተደናቀፈም።

407 ውስጥ የተቀመጠችው ልጅ ቀና ብላ አየችን። ማለቴ እኔን አየችኝ።

«ስሙ ማነው?»

ወዳጄ ቀደመኝ። «ስሜ እኔው ጋ ነው ያለው እህቴ። እሱ ይዞት አልመጣም።»

ደነገጠች፣ ይቅርታም ጠየቀች። ከዚያ ቅጹን ለእኔ ሰጠችኝ። ቅጹ አናት ላይ «በአመልካቹ በራሱ የእጅ ጽሑፍ የሚሞላ» ይላል። ወዳጄ ላፕቶፑን አውጥቶ ልተይበው አላት። አይቻልም፤ መመሪያ ነው። እናም በራሱ የእጅ ጽሑፍ በእኔ እጅ ሞላው።

ቀጥሎ የሥራ ልምድ መጣ። ማስታወቂያው «ከአካል ጉዳተኞች ጋር የሠራ፣ 5 ዓመት» ይላል። ወዳጄ ዓይኑን ያጣው በስድስት ዓመቱ ነው፤ አሁን 35 ሞልቶታል። 29 ዓመት ከአንድ አካል ጉዳተኛ ጋር ሳይለያይ ሠርቷል። የዓመት ፈቃድ ወጥቶ አያውቅም። ልጅቷ ግን ደብዳቤ ትፈልጋለች። «ከሚሠሩበት መሥሪያ ቤት የልምድ ደብዳቤና መልቀቂያ» አለችው። መልቀቂያ! ዓይነ ስውርነቱ ለቆት ቢሆን ኖሮ እዚህ ምን ያመጣው ነበር? ደግነቱ ለአንድ ማኅበር በትርጉም የሠራበት ደብዳቤ ቦርሳው ውስጥ ነበረ። በዚያች ደብዳቤ ዳነ።

የጽሑፍ ፈተናው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር። በብሬል ወይም በኮምፒውተር ይሰጠኝ ብሎ በኢሜይልም በስልክም ጠይቋል። «እናመቻቻለን» ብለውታል። አመቻቹ። ጸሐፊዋን አንባቢ አድርገው መደቡለት። ጸሐፊዋ ደግሞ የምትሠራው ሥራ አላት፤ ስልኩ ይጮኻል፣ አለቃዋ ይጠራታል፣ ቡና ይመጣል። ጥያቄ አንድን እስከ ግማሹ አንብባለት ወጣች። ጥያቄው ምን ነበር መሰላችሁ? «ተደራሽነት ማለት ምን ማለት ነው? አብራራ። (5 ነጥብ)»። ወዳጄ ለሩብ ሰዓት ያህል ብቻውን ቁጭ ብሎ ተደራሽነት ምን ማለት እንደሆነ አሰበ። ስትመለስ መልሱን ነገራት። ሰምታ አልወደደችውም። «እንዲህ ብዬ ብጽፍልህ አይሻልም?» አለችው። ለእሱ ብላ ነው። ጥያቄ አራት ላይ «ከዚህ በታች ያለውን ሥዕል ተመልክተህ የታየህን ችግር ዘርዝር» ይላል። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙራ ትኩር ብላ አየችና «እ... አንድ ሰው አለ» አለችው። «ምን ይሠራል?» «ይስቃል።» ወዳጄ ችግሩን ከሚስቀው ሰውዬ ፊት ፈልጎ ለማግኘት ሞከረ። በመሐሉ ሰዓት አለቀ። ለሁሉም ተፈታኝ የተሰጠው አንድ ሰዓት ነው፤ አድልዎ የለም።

ያም ሆኖ አለፈ። ቃለ መጠይቅ ተጠራ። እዚያ አልነበርኩም፤ ማታ ቤቱ ሻይ እየጠጣን ነው የነገረኝ። ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው «ኮምፒውተር እንዴት ነው የምትጠቀመው?» አለው። ከፍቶ አሳየው። ኤንቪዲኤ የሚባለውን ስክሪን አንባቢ ነው የሚጠቀመው። አንድ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው፤ በነፃ ይወርዳል፣ አማርኛም ያነባል። ወዳጄ ፍጥነቱን ጨምሮ ስለሚያዳምጠው ለሌላ ሰው ዝናብ ቆርቆሮ ላይ የወረደ ነው የሚመስለው። ሰውዬው ትንሽ ሰማና «ይሄ ምን ቋንቋ ነው?» አለ። «አማርኛ ነው። የእናንተው ማስታወቂያ ነው፤ ጓደኛዬ ተይቦልኝ።»

ሁለተኛው ስለ ቤት ሥራው ተጨነቀ። «ከቤት ስትሠራ መብራት ቢጠፋስ?»

«ለእኔ ነው ለኮምፒውተሩ?»

አልሳቁም። እንዲያውም ወደ ቁም ነገሩ ገቡ። ሥራው ከቤት ነው። ለቁጥጥር እንዲያመች ግን ጠዋት 2፡30 እና ማታ 11፡30 ቢሮ መጥቶ የጣት አሻራ መስጠት ግዴታ ነው። በመሐል ያለውን ሰዓት ከቤት ይሠራል። የአሻራ ማሽኑ የት ነው? አራተኛ ፎቅ። በቀን 144 ደረጃ ሽቅብ፣ 144 ቁልቁል፣ አራት ታክሲ ሲሄድ፣ አራት ታክሲ ሲመለስ። ለአንድ ከቤት ለሚሠራ ሰው ጥሩ ስፖርት ነው።

ሦስተኛው፣ ሰብሳቢው፣ መጨረሻ ላይ እጁን ጠረጴዛው ላይ አጣምሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሽንት ቤት ብቻህን ትሄዳለህ?» አለው።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅርብኝ፤ አቃተኝ። ይሄ ሰው ዲግሪ አለው። ቤት ተከራይቶ፣ አብስሎ፣ ታናሽ እህቱን ያስተምራል። ከእሱ በፊት የገቡትን ማንም ስለ ሽንት ቤት አልጠየቃቸውም። ይህ ስድብ ነው። «ለማወቅ ያህል ነው» የሚባል መሸፈኛ የለውም። ሕግ እኮ አለ! አዋጅ ቁጥር 568/2000 አንድም ቦታ አበረታቱ አይልም። ለሥራው የሚበቃ አካል ጉዳተኛ ከሌላው ተወዳዳሪ እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ካመጣ ቅድሚያ ስጡት ነው የሚለው። የሥራ ቦታውን አመቻቹለት፣ ካስፈለገው ረዳት መድቡለት ነው የሚለው። አድልዎ ደረሰብኝ ብሎ ቢከስ እንኳ የማስረዳቱ ሸክም የእሱ አይደለም፣ የአሠሪው ነው። እነዚያ ሦስት ሰዎች ይህንን ሳያውቁ ቀርተው አይመስለኝም። ሥራው እኮ የአካታችነት ነው! የሚቀጥሩት ሰው ይህንኑ አዋጅ ለሌሎች እንዲያስተምር ነው!

እሺ፣ ተረጋጋሁ። ምስጋናዬን ልቀጥል። አዋጁ የተላለፈውን አሠሪ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። አሠሪዎቻችን ግን ስስታም አይደሉም፤ ኅዳር 24 ለዓለም አቀፉ የአካል ጉዳተኞች ቀን የሚያስቆርጡት ኬክ ብቻውን ከቅጣቱ ይበልጣል። ቲሸርቱን ሳንቆጥር። ቲሸርቱ ላይ «አካል ጉዳተኝነት አለመቻል አይደለም» ይላል። በዊልቸር የመጣው የክብር እንግዳ መድረኩ ደረጃ ስላለው አራት ጎረምሳ ከነዊልቸሩ ተሸክሞ ያወጣዋል፤ ፎቶ አንሺው ስላልደረሰ አንዴ ይወርድና እንደገና ይወጣል። የዕለቱ ተናጋሪ «ከእነሱ ብዙ እንማራለን» ይላል። የተማረ እስካሁን አልገጠመኝም፤ ግን ተስፋ አለኝ።

ከበዓሉ ማግስት ደግሞ የአካታችነት መመሪያ ይወጣል። ማኅተም ያረፈበት፣ ተጣሞ ስካን የተደረገ። ስክሪን አንባቢ ሲከፍተው ባዶ ገጽ ነው። ስካን ያልተደረገውም ከዩኒኮድ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን ከሚለዩበት የጋራ ኮድ፣ በፊት በነበረ ፊደል ይተየባል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለአንዳንድ ጸሐፊ ግን ወሬው ገና አልደረሰውም። ለዓይን አማርኛ ይመስላል። ለወዳጄ ላፕቶፕ ግን የላቲን ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ የተደበላለቀበት ነው፤ አንዴ አስደመጠኝ፣ ሰው ጋኔን ሲለቀው የሚጮኸውን ይመስላል። መመሪያውን የጻፈው አማካሪ ያደረሰበትን አያውቅም። ያማከረው ስለ ዓይነ ስውራን ነው፤ ዓይነ ስውራንን አይደለም። በዙም ስብሰባ ሲጠራቸው እንኳ «ስክሪኑ ላይ እንደምታዩት» ብሎ ይጀምራል። እነሱም ጨዋ ናቸው፤ ዝም ይላሉ።

ውጤቱ ባለፈው ሐሙስ ወጣ። ለእሱ አልደወሉም። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ስለሆነ ይሁን እንጃ፣ ለእኔ ደወሉልኝ። «ውጤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፣ መጥተው ይመልከቱ።» ሰሌዳው የት እንዳለ መናገር አያስፈልገኝም። 72ቱን ደረጃ ለብቻዬ ወጣሁ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያቺው ደረጃ ድጋሚ አደናቀፈችኝ።

የተመረጠው 78.5። ተጠባባቂ 1ኛ፣ ወዳጄ፣ 78። ተቀራራቢ የሚለውን ቃል እያሰብኩ ጥቂት ቆምኩ። አጠገቤ የቆመ አንድ ወጣት ስሙን ፈልጎ አጣና ከንፈሩን ነክሶ ወረደ።

ከውጤቱ ጎን አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሙጫው ገና አልደረቀም። «የዲጂታል ተደራሽነት አማካሪ፣ ብዛት 1፣ የሥራ ቦታ፦ ከቤት።» ፈረንጇ አሁንም ትስቃለች። ምዝገባ 407፣ በአካል። «ይበረታታሉ» የምትለዋ ግን በዚህኛው ደመቅ ብላለች። ይሄኛው ሥራ ለእሱ የተሰፋ ነው ብዬ ቸኮልኩ። ስልኬን አወጣሁ፣ አጥርቼ አነሳሁት፣ እዚያው ደረጃው ላይ ቆሜ ላክሁለት።

ምድር ቤት ሳልደርስ የድምፅ መልእክት መጣ።

«ፎቶ ነው የሚለው። ምንድን ነው?»