በባዶ ቦታ ምኑ ይወዛወዛል?

ባለፈው እሁድ ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ካለች አንዲት አሣ ቤት ተቀምጠን ኳስ እያየን ነበር። እኛ ቴሌቪዥን ላይ ኳሷ ገና መሃል ሜዳ ናት። ከመንገዱ ማዶ ካለው ቤት "ጎል!" የሚል ጩኸት ተነሳ። ትንሽ ቆይታ እኛም ጋ ገባች። ክርክሩ የተጀመረው በዚህ ነው።

"እነሱ ሳተላይቱ ይቀርባቸዋል እንዴ?" አለች ነርሷ።

ከመሃላችን ዲሽ የሚተክል ልጅ አለ። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሰሃኑን በጣት ያህል ገፋ ሲያደርገው ሲግናሉ ከች ይላል። "ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው" አላት። "ሞገዱ ወጥቶ እስኪወርድ ሩብ ሰከንድ ቢፈጅ ነው። ለኛም ለነሱም ያው ነው። ብዙውን ጊዜ የሚበላው ምስሉን አሽጎ የሚልከውና እዚህ የሚፈታው ማሽን ነው።"

ነገሩ እዚያ ላይ ባበቃ ነበር። ልጁ ግን ቀጠለ። "እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ከዚያ እስከዚህ አብዛኛው መንገድ ባዶ ነው። አየር የለም። ታዲያ ሞገዱ ምን ላይ ሆኖ ነው የሚመጣው?"

"ምንም ላይ አይደለም" አሉ የፊዚክስ መምህሩ። "ድምፅ ማስተላለፊያ ይፈልጋል። ብርሃንና ሬድዮ አይፈልጉም። ይሄን እኮ ተምረኸዋል።"

"ተምሬዋለሁ ቲቸር። ፈተናም ላይ መልሼዋለሁ። ግን አልገባኝም።" ወደ ሐይቁ ጠቆመ። "ሞገድ ማለት የሆነ ነገር ሲወዛወዝ ነው። ይሄን ሐይቅ ቢያደርቁት ሞገዱ የት ይገኛል?"

አጠገባችን አንድ የጀልባ ባለቤት ተቀምጠዋል። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። "ያቺን ጀሪካን እዩዋት" አሉ። መረብ ያለበትን ቦታ እንድታሳይ የታሰረች ቢጫ ጀሪካን ናት። አንድ ጀልባ አልፎ ሞገዱ ደረሰባት። ከፍ አለች፣ ዝቅ አለች፣ እዚያው ቀረች። ሞገዱ ግን እስከ እግራችን መጣ። "አያችሁ ልጆቼ፣ የመጣው ውሃው አይደለም። ውሃው ቢሆን ይዟት ይመጣ ነበር። የሚሄደው መነቅነቁ ነው።"

መምህሩ ደስ አላቸው። ልጁ ደግሞ ይበልጥ ደስ አለው። "ጋሼ የመሰከሩት ለኔ ነው! የሚነቀነቅ ውሃ አለ። በባዶው ቦታ የሚነቀነቀውን ያሳዩኝ።"

ነርሷ በዚህ መሃል ስልኳን አወጣች። "ቆይ እንጂ፣ በጠፈር ድምፅም ያልፋል። የሁለት ብላክ ሆሎች፣ ብርሃን እንኳ የማያመልጣቸው የጠፈር አካላት፣ ግጭት ድምፅ እዚህ አለኝ።" አሰማችን። ከታች የሚነሳ ጉርምርምታ ነው፤ ወዲያው ሽቅብ ይፈጥንና ቁርጥ ይላል። "ይሄ ድምፅ አይደለም፣ የስበት ሞገድ ነው" አሉ መምህሩ። "በጆሮዬ ሰማሁት እኮ ቲቸር!" አለች። ጠረጴዛው ተቀወጠ።

መምህሩ ዝም ብለው የልጁን ቦርሳ ከፈቱ። ልጁ ጣሪያ ላይ የወደቀ ብሎን የሚለቅምበት ማግኔት አለው፤ ከአሮጌ ስፒከር የወጣ፣ ቀለበት የመሰለ። አንዲት ብሎን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ማግኔቱን ከላይ ቀስ እያሉ አወረዱት። አንድ ጣት ያህል ሲቀረው ብሎኗ ዘላ ተለጠፈች።

"ሳይነካት ምን አነሳት? አየሩ እንዳትለኝ። አየሩን ብታወጣውም ትዘላለች።"

"እሺ፣ ምንድን ነው?"

"መስክ ይባላል። የማግኔት መስክ።"

"ቃል ሰጡኝ እንጂ ነገር አልሰጡኝም ቲቸር።"

እኔ እስከዚያ ድረስ አልተናገርኩም። ቤቴ ገብቼ ግን ስንቱን ሳወጣና ሳወርድ አመሸሁ። ፍርዴ ይሄ ነው።

ነርሷ ተሸንፋለች፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ድምፅ በባዶ ቦታ አያልፍም። አንዱ የአየር ቅንጣት አጠገቡ ያለውን እየገፋ የሚሄድ ነገር ነው። ገና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሮበርት ቦይል ሰዓት በመስታወት ዕቃ ውስጥ አስቀምጦ አየሩን እየሳበ ሲያወጣ፣ የሰዓቱ ድምፅ እየሰለለ ሄዷል። ነርሷ ያሰማችን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 14 ቀን 2015 አሜሪካ ውስጥ ያሉ ሁለት መሣሪያዎች ከብላክ ሆሎች ግጭት የመጣ የስበት ሞገድ ንዝረት ያዙ። እያንዳንዳቸው አራት አራት ኪሎ ሜትር የሚረዝሙ ክንዶች አሏቸው። ያ ሁሉ ርዝመት የተለወጠው ከአንዲት ፕሮቶን ስፋት አንድ መቶኛ በማይሞላ ነው። ንዝረቱ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት ጆሯችን ከሚሰማው ክልል ውስጥ ስለገባ ወደ ስፒከር ሊላክ ቻለ። ድምፁ የተወለደው ስልኳ ውስጥ ነው። ዜማው ግን የግጭቱ ነው።

ልጁ ደግሞ በጥያቄው አልተሸነፈም። ይሄን ከልቤ ነው የምለው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ታላላቅ የፊዚክስ ሰዎች ልክ እንደሱ ነበር የሚያስቡት። ሞገድ ካለ የሚወዛወዝ ነገር አለ ብለው፣ ጠፈርን የሞላ የማይታይ ነገር አሰቡ። ስሙንም ኤተር አሉት። ምድር ፀሐይን በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠች ነው የምትዞረው። ኤተር ካለ በውስጡ እየቀዘፈች ነውና የብርሃን ፍጥነት በአንዱና በሌላው አቅጣጫ መለያየት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1887 ማይክልሰንና ሞርሊ አንድን ጨረር ለሁለት ከፍለው፣ በመስታወት አመላልሰው ልዩነቱን ፈለጉት። የጠበቁት ልዩነት አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1905 አንስታይን ኤተር ጭራሽ እንደማያስፈልግ አሳየ።

እና ምኑ ነው የሚወዛወዘው? መስኩ ራሱ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1865 ባወጣው ጽሑፍ የኤሌክትሪክ መስክ ሲለዋወጥ የማግኔት መስክ እንደሚፈጥር፣ የማግኔቱም ሲለዋወጥ የኤሌክትሪኩን መልሶ እንደሚፈጥር በሒሳብ አሳየ። አንዱ ሌላውን እያስነሳ ይሄዳል። ተሸካሚ የማያስፈልገው ለዚህ ነው። ፍጥነቱን ሲያሰላው ከብርሃን ፍጥነት ጋር ገጠመለት። መስክ ቃል ብቻ አይደለም፤ ጠረጴዛችን ላይ ብሎን አንስቷል። ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ ጀርባችንን ስታሞቀን፣ ያንን ሙቀት በስምንት ደቂቃ ከምናምን ያደረሰው እሱ ነው።

መምህሩ ልክ ናቸው። ሆኖም "አይፈልግም" የሚለው መልሳቸው የሌለውን ነገር ብቻ ነው የሚነግረን። ልጁ የጠየቀው ያለውን ነበር። ማግኔቱን ያነሱ ጊዜ ነው በትክክል የመለሱለት።

የስበት ሞገድ ላይ ስንደርስ የልጁ ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል። እዚያ የሚወዛወዘው ያ ባዶ ያልነው ቦታ ራሱ ነው። በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት ይረዝማል፣ ያጥራል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 17 ቀን 2017 ከተጋጩ ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች፣ እጅግ ከታመቁ የሞቱ ኮከቦች፣ የስበት ሞገድም ጋማ ጨረርም ደረሰን። አንደኛው የቦታ ንዝረት፣ ሌላኛው የብርሃን ዘመድ። መንገዱ 130 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የፈጀ ነው። የደረሱት በ1.7 ሰከንድ ልዩነት ነው። እሱም ቢሆን ጨረሩ ዘግይቶ ተነስቶ ሊሆን ይችላል። ይሄን ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል።

ማክሰኞ ልጁን መንገድ ላይ አገኘሁትና ይሄን ሁሉ ነገርኩት። ቦታ ራሱ ይነቀነቃል የሚለው ወዲያው ገባው። መስክ የሚለው ግን አሁንም አልዋጥልህ ብሎታል። ማግኔቱን አውጥቶ ደጋግሞ ሊሞክረው ፈልጎ ነበር፤ መምህሩ ለተማሪዎቻቸው ሊያሳዩበት ወስደውታል።