ኢርፎኑ ይውለቅ ወይስ ይቆይ?

ክርክሩ የደሴ ነው። ተማሪ ሙዚቃ እየሰማ ቢያጠና አእምሮው ይጠቀማል ወይስ ይጎዳል? አንደኛው ተከራካሪ ሸዋ በር የሚኖሩ ጡረተኛ የሒሳብ መምህር ናቸው። ሁለተኛዋ ጎረቤታቸው ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፣ ክራር ትመታለች። ነገሩን ያመጣው ታናሽ ወንድሟ ነው። ለአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የሚያጠናው ኢርፎን ሰክቶ ነው።

መምህሩ፦ ልጁን ደጄ ላይ አስቀምጬ ሊሚት ሳስረዳው አንዱን ኢርፎን ብቻ አወለቀ። አንዱን! «በዚህኛው እየሰማሁዎት ነው» አለኝ። ስልክ ቁጥር ስትይዢ በውስጥሽ ትደጋግሚው የለ? ዘፈን ግጥም ሲኖረው ያንኑ ቦታ ይሻማል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ እነ አለን ባድሊ እ.ኤ.አ. በ1982 ሰዎች ቁጥር በቅደም ተከተል እንዲይዙ አድርገው ከጀርባ ንግግር አሰሟቸው። ስህተታቸው በዛ። ትርጉም የሌለው ቃል እንኳ ረበሻቸው።

«የሞዛርትን ሙዚቃ የሰማ ሕፃን ጎበዝ ይሆናል» የሚሉትን ነገር ደግሞ እንዳታመጪብኝ። እ.ኤ.አ. በ1993 ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት የተሠራው በ36 የኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ነው፤ አንድም ሕፃን አልነበረበትም። የተሻሉትም የቅርጽ ጥያቄ ላይ ብቻ ነው፤ ያውም ከ15 ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ። ወሬው ግን እያደር ተራራ አከለ። እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ገዥ ለሚወለደው ሕፃን ሁሉ የክላሲካል ሙዚቃ ሲዲ ይታደል ብሎ 105,000 ዶላር ጠየቀ።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ ሞዛርትን እርስዎ አምጥተው እርስዎ ደበደቡት! እኔ መች አነሳሁት? ግን ያ 15 ደቂቃ ከየት መጣ? ከመነቃቃት ነው። የምንወደውን ሙዚቃ ስንሰማ አእምሮ ዶፓሚን የሚባል የሚያነቃቃ ኬሚካል ይለቃል። ካናዳ፣ ሞንትሪያል ላይ ተመራማሪዎች የአእምሮ ምስል አንስተው አይተውታል። የደከመው ልጅ ተመልሶ መጽሐፉን የሚገልጠው በዚያ ጉልበት ነው።

ደግሞስ እርስዎ ፊደል የቆጠሩት በዜማ አይደለም? ቁርኣን የሚቀራው ልጅስ? ወሎ ላይ ስንቱ ነገር በመንዙማ ገባን! አምባሰልና ባቲ የሚባል ቅኝት ያለው አገር ተቀምጠን ሙዚቃ ይዘጋ ማለት ያስተዛዝባል። እኔ የመጀመሪያዎቹን 20 ኤለመንቶች የያዝኩት በባቲ ነው። ሃይድሮጅን፣ ሂሊየም ብዬ እጀምራለሁ፤ ካልሲየም ላይ ክራሩ ያርፋል። አንዱ ሲያልቅ ቀጣዩን ዜማው ራሱ ይጎትተዋል። ፈተና ላይ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ፈታኙ ልታስኮርጅ ነው ብሎ አጠገቤ መጥቶ ቆሟል።

መምህሩ፦ አየሽ፣ መሰከርሽልኝ። አንቺ የዘፈንሽው ኤለመንቶቹን ነው። ፊደሉም ቁርኣኑም እንደዚያው፤ ዜማው ትምህርቱን ነው የተሸከመው። የወንድምሽ ዘፈን ምን ተሸክሟል? የፍቅረኛ ስም! እስቲ ልጁ እየቀራ ሳለ አጠገቡ ሬዲዮ ክፈቺበት።

ተማሪዋ፦ እሺ፣ ይቺን ወሰዱ። ጸጥታ ግን ከየት ይምጣ? የኛ ቤት መንገድ ዳር ነው፤ ባጃጁ ሲያንባርቅ ያመሻል። ግጥም የሌለው ክራር ዝቅ ተደርጎ ቢከፈት ከባጃጅ አይሻልም? ደግሞ መስማትና መማር ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የሥነ ልቦና ተመራማሪው የግሌን ሼለንበርግ ጥናት አለ፤ 144 የስድስት ዓመት ልጆች ነበሩበት። ኪቦርድ ወይም ድምፅ የተማሩት፣ ድራማ ከተማሩትና ምንም ካልተማሩት ይልቅ በአይኪው፣ ማለትም በማሰብ ችሎታ ፈተና ትንሽ ከፍ ብለዋል።

መምህሩ፦ ትንሽ ማለት ስንት ነው? ሦስት ነጥብ እንኳ አልሞላም። የሒሳብ መምህር ነኝ እኮ! ለዚያውም 36 ሳምንት ተምረው። ወንድምሽ ክራሩን ከፈተናው በኋላ ይማር።

ተማሪዋ፦ እንግዲያው ቅዳሜ ይምጡ። ሃያ ሃያ ቃል እናስይዘው፤ አንዴ በዝምታ፣ አንዴ በዘፈን፣ አንዴ በክራር ብቻ። ቡናው በእኔ ነው።

መምህሩ፦ እመጣለሁ። ቃላቱን የምመርጠው ግን እኔ ነኝ። እኔ ሳወራም ሁለቱንም ኢርፎን ያውልቅ።