አሮጌውን የጀልባ ማንቆርቆሪያ ቀቡት

የእንግሊዝ የቦይ ጀልባ ዕቃ እጁ የገባ ሰው ቶሎ የሚሰማው ምክር «ቀለሙን እንዳትነካው፣ ዋጋው ይወርዳል» የሚል ነው። ምክሩ ለነጋዴ ይበጃል። ጥበቡን ግን ይጎዳል፤ እነዚህ ዕቃዎች በየጊዜው እየታደሱ እንዲያገለግሉ የተቀቡ ናቸውና።

የመካከለኛው እንግሊዝ የጭነት ጀልባ 21 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ስፋቱ ግን 2.1 ሜትር ገደማ ነው፣ የቦዩ በሮች ከዚያ በላይ አያሳልፉም። ባቡር መጥቶ የጭነት ዋጋ ሲወድቅ ብዙ ባለ ጀልባ ቤተሰቡን ይዞ ጀልባው ላይ መኖር ጀመረ። ለባልና ሚስት፣ ለልጆችና ለምድጃ የተረፈችው 3 ሜትር ገደማ የምትረዝመው የኋላ ክፍል ብቻ ነበረች። በሩ፣ በርጩማው፣ የከሰል ሳጥኑ፣ ጀልባውን የሚጎትተው ፈረስ መመገቢያ ቆርቆሮ ሳይቀር ጽጌረዳና ቤተ መንግሥት መሳይ ግንብ ይሣልበት ነበር። ልማዱ እ.ኤ.አ. በ1858 በታተመ ጽሑፍ ላይ ተጠቅሷል። ከሮማ (ጂፕሲ) ሕዝቦች መጣ የሚለው ወሬ ማስረጃ የለውም፤ ይልቅ በዎልቨርሃምፕተንና በቢልስተን ጥቁር እየተቀቡ አበባ ይሣልባቸው የነበሩት ትሪዎች የቅርብ ዘመዶቹ ይመስላሉ።

ከዕቃዎቹ ሁሉ ብዙ የሚለፋው ማንቆርቆሪያው ነው። ጀልባው ቧንቧ ስላልነበረው የመጠጥ ውኃ የሚያዘው በዚህ 13 ሊትር ገደማ በሚይዝ፣ ዚንክ በተለበጠ የብረት ዕቃ ነበር፤ ስሙንም ከሎንግ በክቢ መንደር ወስዷል። ጣሪያ ላይ፣ ጭስ ማውጫው አጠገብ ሲቀመጥ ዝናብም ጥላሸትም ይወርድበታል። ሲላላጥ ቀቢ ያድሰዋል። በብራውንስተን መንደር የጀልባ መጠገኛ ይሠራ የነበረው ፍራንክ ነርሰር እስከ ዛሬ የሚቀዳ እጅ ነበረው፤ ሥራው ግን የመጠገኛው የዘወትር ሥራ ነበር።

ዛሬ «የድሮ ቀለም» እየተባለ የሚደነቀው ቡናማ ድባብ የቫርኒሽ እርጅና ነው። ቫርኒሽ አርጅቶ ቢጫ ሲሆን ነጩን ቅቤ መሳይ፣ ሰማያዊውን አረንጓዴ ያደርገዋል። ያንን አይቶ ቀለሙ ላይ ቡናማ የሚቀላቅል ሠዓሊ የሚቀዳው ብልሽቱን ነው። ሥራው አዲስ ሳለ ዓይን የሚወጋ ቀይ፣ ቢጫና ነጭ ነበር።

ጽጌረዳው በስስ ጥንቃቄ አይሠራም። በጥቁር ወይም በጥቁር አረንጓዴ መደብ ላይ መጀመሪያ ክብ ይቀባል፤ ለቀይ አበባ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ለነጩ ሮዝ ቀለም፣ ለቢጫው ብርቱካናማ። ክቡ በደንብ ሲደርቅ ለስላሳ ክብ ብሩሽ ቀለም ይጠግባል፣ ይጫናል፣ እየዞረ ቀስ ብሎ ይነሳል፤ አንድ ጭረት አንድ የአበባ ቅጠል ነው። በቅጠሎቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት ወሳኝ ነው፣ ጥላውን የሚሰጠው ከሥር የሚታየው ክብ ነውና። ጀማሪ የሚያበላሸው ጭረቱን ለማሳመር ሲመለስበት ነው፤ ቀለሙ ይጎተታል፣ ክፍተቱ ይደፈናል፣ ጽጌረዳው ቲማቲም ይሆናል። ቀለሙ ከቀጠነ ጠርዙ ይፈሳል፣ ከወፈረ የብሩሹ ፀጉር ገመድ ገመድ ይሠራል፤ አኳራጅ በጠብታ እየጨመሩ መሞከር ነው። የአበባው መሐል ቢጫ ነጠብጣብና በአረንጓዴው ቅጠል ላይ የሚሣሉት ጅማቶች መጨረሻ ይመጣሉ። ግንቡ የራሱ ጣጣ አለው፤ ከጀርባው ያለው ሰማይ ከላይ ሰማያዊ፣ ወደ አድማሱ ሮዝና ነጭ ሆኖ ቀለሙ ሳይደርቅ መዋሃድ አለበት።

ብዙ ሥራ የሚከሽፈው ግን ሥዕሉ ሳይጀመር ነው። በአዲስ ዚንክ ላይ በቀጥታ የተቀባ የዘይት ቀለም ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ከሥሩ ሳሙና መሳይ ሽፋን ስለሚፈጥር በወራት ውስጥ እንደ ልጣጭ ይነሳል፤ ተራ አንቲረስትም አያድነውም። ቅባቱ በሳሙናና በሙቅ ውኃ ይታጠብ፣ ከዚያ ዚንክን የሚያነቃ የአሲድ ፈሳሽ ይቀባ። ብረቱ ይጠቁራል፤ ያልጠቆረ ቦታ ካለ ቅባት ቀርቷል ማለት ነው፣ እንደገና ይታጠብ። በላዩ ለዚንክ የተሠራ የሥር ቀለም፣ ከዚያ ሁለት እጅ መደብ ይከተላል፤ በእያንዳንዱ መካከል አንድ ቀን ያህል ይጠበቅ። የማንቆርቆሪያው ውስጥ አይቀባም። አሮጌው ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈተግ፤ ውኃ እየተደረገበት፣ በጭምብል ይሁን።

ሁሉም ይቀባ አልልም። የቀቢው እጅ የሚታወቅበት በር ወይም የሙዚየም ዕቃ እንዳለ ይቀመጥ፤ በእንግሊዝ ኤልስሚር ፖርት ያለው የቦይና የጀልባ ሙዚየም ስብስብ ለዚህ አለ። ቀቢው ያልታወቀ፣ ግማሹ የተላላጠ ዕቃ ግን ፎቶ ተነስቶ፣ ሥዕሉ በስስ ወረቀት ተገልብጦ ይታደስ። ቫርኒሹ ላይ አትቸኩሉ፤ ሥዕሉ ሳይጠነክር ከተቀባ ቀዩን ፈትቶ ነጩ ላይ ይጎትተዋል።