«ፈቃድህን አሳየኝ» ማለት ለምን ነውር ይሆናል?

አዲስ አበባ ውስጥ ስትሮክ የመታው ሰው ያለበት ቤት ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ሆስፒታሉ «ፊዚዮ ያስፈልጋቸዋል» ብሎ ያሰናብታል፤ የደከመን አካል በእንቅስቃሴ የሚያክመውን ፊዚዮቴራፒ ማለቱ ነው። ከዚያ ሰው መጠያየቅ ነው። «የእነ እከሌን እናት ያስነሳ ልጅ አለ» ይባላል። ስልኩ ይገኛል። ልጁ ጋውኑን በቦርሳ ይዞ ቤት ድረስ ይመጣል፣ ዶክተር ይባላል፣ ሻይ ይቀርብለታል። የት እንደተማረ የሚጠይቀው የለም።

እኛም ቤት የሆነው ይኸው ነው። እናቴ ግራ ጎኗ አልታዘዝ ካላት በኋላ እህቴ በሰው በሰው አንድ ልጅ አገኘች። አንድ ቀን ሲያሠራት ከአሜሪካ ሆነን በቪዲዮ እያየን ነበር፣ እኔና የባለቤቴ ወንድም። እሱ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒ ተምሮ አገር ቤት ሆስፒታል ውስጥ ለዓመታት የሠራ ሰው ነው። ልጁ እናቴን ከአልጋ ሊያስነሳ የደከመውን እጇን ከአንጓው ላይ ይዞ ሳበው። «ውይ፣ ትከሻዬን!» አለች። የባለቤቴ ወንድም ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «እጇን አትጎትት! ልቀቀው!» ብሎ ጮኸ። በኋላ ለእህቴ ረጋ ብሎ አስረዳት። ስትሮክ የመታው ክንድ ጡንቻው ይላላል። በእጁ ከተጎተተ የትከሻው አጥንት ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። በሽተኛ የሚነሳው ከጀርባውና ከወገቡ ተደግፎ ነው። «ተማሪ ሳለን መጀመሪያ ከሚነግሩን ነገር አንዱ ነው» አላት።

እህቴን «ፈቃዱን ጠይቂው» አልኳት። «እንዴ! ቤታችን ድረስ መጥቶ እየረዳን? ቅር ይለዋል እኮ» አለችኝ። ራሴው ደወልኩለት። «ጋሼ፣ እማማ እኮ ጥሩ ለውጥ አላቸው፣ አይጨነቁ» አለኝ። እኔ የጠየቅኩት ግን ስለ ለውጡ አልነበረም።

ያንገበገበኝ በማግስቱ የሆነው ነው። ያ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ሆኖ በስልክ መስታወት ስህተቱን ያየው ሰው ጠዋት ተነስቶ ወደ ሥራው ሄደ። ሥራው አንድ ክሊኒክ ውስጥ ኤይድ ነው። አልጋ ይወለውላል፣ ፎጣ ያጥፋል፣ በረዶ ያቀብላል፣ ታካሚ ብስክሌት ላይ ሲወጣ አጠገቡ ይቆማል። የታካሚን ጉልበት ነካ አድርጎ «እዚህ ጋ ነው ችግሩ» ማለት አይችልም። ሕጉ ከልክሎታል።

የቨርጂኒያ ሕግ ነገሩን እንዲህ ነው ያስቀመጠው። ታካሚን መጀመሪያ መርምሮ የሕክምናውን ዕቅድ የሚያወጣው ፈቃድ ያለው ፊዚዮቴራፒስት ብቻ ነው። ከእሱ በታች የሁለት ዓመት ኮሌጅ የተማረ ረዳት ቴራፒስት አለ። እሱም የራሱ ፈቃድ አለው፤ ዋናው ባለሙያ ያወጣውን ዕቅድ ይሠራል። ዋናው ባለሙያ ግን ታካሚውን ለረዳቱ ሰጥቶ መጥፋት አይችልም። በአብዛኛው 30 ቀን ሳይሞላ ራሱ ተመልሶ ማየት አለበት። ከሁሉም በታች ኤይዱ አለ። ኤይዱ አንዲት ነገር ሲሠራ ተቆጣጣሪው እዚያው በአካል መኖር አለበት። ለተሠራውም ሙሉ በሙሉ ተጠያቂው ተቆጣጣሪው ነው። የትኛውም እጅ በሽተኛ ቢነካ ከእጁ ጀርባ ስሙ የሚታወቅ ተጠያቂ አለ ማለት ነው።

እኔ ይህን ነው የወደድኩት። ሌላም አለ። ማንም ሰው የቴራፒስቱን ስም በስቴቱ የጤና ሙያዎች መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ጽፎ መፈለግ ይችላል። የፈቃድ ቁጥሩ ይወጣል። መቼ እንደሚያበቃ ይታያል። ተቀጥቶ የሚያውቅ ከሆነም ይታያል። ፈቃዱ በየሁለት ዓመቱ ነው የሚታደሰው፤ ለማደስ የ30 ሰዓት ተጨማሪ ትምህርት ይጠየቃል። እዚህ አገር ቴራፒስትን «ፈቃድ አለህ?» ብትሉት አይቀየምም። ነውር መሆኑን የሰማሁት እኛው ቤት ነው።

አገር ቤት ሕግ የለም ማለቴ አይደለም። የጤና ባለሙያ ያለ ሙያ ፈቃድ እንዳይሠራ በአዋጅ ተከልክሏል። ፈቃድ የሚሰጥ ቢሮም አለ። ግን በሽተኛው ቤት የሚገባውን ሰው ማን ይጠይቀው? ይሉኝታ ይዞን እኛ አንጠይቅ፣ ቢሮው ሰው ሳሎን አይገባ። ወጌሻውንም ያው ነን። ስንቱን ወለምታ ያሸ፣ እጁ የተባረከ ወጌሻ አለ፤ አልክድም። የተሰበረ እግር በቀርከሃ ጠፍሮ ደም እንዳይዘዋወር አድርጎ፣ እግሩ ጠቁሮ ሆስፒታል ሲደረስ ከመቁረጥ ሌላ ምርጫ የሚያሳጣም አለ። አጥንት ሐኪሞቻችን ሲጮኹበት ዓመታት አልፈዋል። ያን ወጌሻ ተመልሶ የጠየቀው አለ? «የእግዜር ቁጣ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

የባለቤቴ ወንድም ስለ ቁጥጥር ሲነሳ ሁልጊዜ የሚለው አለ። እንደተመረቀ የተመደበበት ሆስፒታል ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት እሱ ብቻ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ብቻውን ነው የሠራው። የተቃጠለ ሕፃን፣ አከርካሪው የተጎዳ ሾፌር፣ ስትሮክ፣ ሁሉም እሱ ጋ ነው የሚላኩት። «ልክ ነህ ወይም ተሳስተሃል የሚለኝ አንድ ሰው ቢኖር ምን ያህል እማር ነበር» ይላል። ያኔ ተቆጣጣሪ ፈልጎ አላገኘም።

አሁን ደግሞ ተቆጣጣሪ ካላገኘህ አትሠራም ተብሏል። ቨርጂኒያ ውጭ አገር ለተማረ ፊዚዮቴራፒስት 1,000 ሰዓት በሁለት ዓመት ውስጥ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ሥር እንዲሠለጥን ታዛለች። ወደ ካሊፎርኒያ ብትሄዱ ሌላ ነው፤ እዚያ እስከ ዘጠኝ ወር ይደርሳል። ሁሉም ስቴት የራሱን ሕግ ነው የሚያወጣው። ፈቃዱን አንዴ ካገኛችሁ ቨርጂኒያና ሜሪላንድን ጨምሮ ብዙ ስቴቶች ባላቸው ስምምነት ድንበር ተሻግሮ መሥራት ይቻላል። ጭንቁ እስኪያገኙት ነው።

1,000 ሰዓት አይብዛ፣ እሺ። በሌላ ሥርዓት የተማረ ሰው የዚህን አገር አሠራር ሰው አጠገብ ሆኖ ቢያይ ጥሩ ነው፤ እሱም ራሱ ይፈልገዋል። ነገር ግን ሕጉ ሠልጣኙን «አምጣ» ይላል እንጂ ክሊኒኩን «ተቀበል» አይልም። ስንት ቦታ ጠየቀ! አንዱ «ጊዜ የለንም» ይላል። ሌላው «ኢንሹራንሱ አይፈቅድልንም» ይላል። እውነታቸውንም ነው፤ ሜዲኬር፣ ማለትም የመንግሥቱ የአረጋውያን ጤና መድን፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ላልሠራው ሕክምና አይከፍልም። ሠልጣኝ ማለት ለእነሱ ገንዘብ የማያስገባ፣ ይልቁንም የአንድ ሠራተኛ ሰዓት የሚበላ ሰው ነው። የራሳቸውን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግን ይቀበላሉ። ከትምህርት ቤቱ ጋር ውል አላቸው። እሱ ከጀርባው ውል የሚፈርምለት ትምህርት ቤት የለውም።

ሠልጥኖም ቢሆን መንገዱ አያልቅም። ትምህርቱ ከዚህ አገር ጋር እኩል መሆኑ በመዛኝ ድርጅት ይታያል። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ እዚህ አዲስ የሚመረቁ ፊዚዮቴራፒስቶች በሙሉ የዶክትሬት ዲግሪ ይዘው ስለሚወጡ የእኛ ቢኤስሲ (የመጀመሪያ ዲግሪ) ሲመዘን ይጎድላል ይባላል። የጎደለው ኮርስ በራስ ገንዘብ ይሞላል። እንግሊዝኛ ይፈተናል። ከዚያ አገር አቀፉ ፈተና አለ። ውጤቱ ከ200 እስከ 800 ነው፤ ማለፊያው 600። በ12 ወር ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ መቀመጥ አይቻልም፤ በዕድሜ ልክ ደግሞ ከስድስት ጊዜ በላይ አይቻልም። እሱ የሚያጠናው ከሥራ ሲመለስ ነው፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ።

አንዳንዱ ወገናችን «ትራክ መንዳት ይሻለው ነበር» ይለዋል። እባካችሁ ተዉት። ይህ ሰው የተማረው እኮ ሰው ማስነሳት ነው። እጁ ያውቅበታል። ከአሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ የእናቴን ትከሻ ያዳነ ሰው ነው።

እህቴ በመጨረሻ ያን ልጅ አሰናብታለች። አዲሱን ፊዚዮቴራፒስት መጀመሪያ ቀን በር ላይ «ፈቃድህን ላየው እችላለሁ?» አለችው። እሱም ምንም ሳይመስለው ከቦርሳው አውጥቶ ሰጣት። ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። እንዲህ ቀላል ነበር።

የባለቤቴ ወንድም ፈቃድ ግን አሁንም አልተገኘም። ቨርጂኒያ ውስጥ ፈቃድ ያላችሁ ሐበሻ ፊዚዮቴራፒስቶች አላችሁ፤ ክሊኒክ የከፈታችሁም አትጠፉም። እናንተ የመጣችሁበትን መንገድ ታውቁታላችሁ። አንድ ሠልጣኝ በዓመት ተቀበሉ። እሱን ባይሆን እንኳ ሌላውን፤ እንደ እሱ ፎጣ የሚያጥፉ ብዙ ናቸው።